የእማዬ አውድማና የመሬት ስበት

ኅዳር 12፣ ማታ

ሽንኩርት እከትፋለሁ፤ ልጄ ፊዚክሷን ጮክ ብላ ታነባለች። የመሬት ስበት። እኔም ተምሬው ነበር፤ ለፈተና ሸምድጄ ረሳሁት። ዛሬ ግን ገባኝ፣ ደብተሬ። ሽንኩርቱ ከእጄ አምልጦ ወደቀ፤ ወደ ጣሪያ አልሄደም። ጋሪው ቁልቁል ሲወርድ ፈረሱን የሚገፋው፣ ባጃጁ ሞተሩን አጥፍቶ የሚንሸራተተው፣ ዳገት ላይ ጉልበቴ የሚያቃስተው፤ ሁሉም አንድ ነገር ነው። ብቻዬን ስስቅ ልጄ ምን ሆነሻል አለችኝ። ዕድሜ ልኬን ስጎተት ኖሬ ጎታቹን ገና አወቅሁት አልኋት።

ኅዳር 15፣ እሑድ

ከቡሬ ወዲያ፣ እማዬ ዘንድ። ከቤ/ክ መልስ የውሃ ስብሰባ። ምንጩ ከመንደሩ ሁሉ በላይ፣ ተራራው ሥር ነው፤ ያለ ሞተር በቧንቧ ይወርዳል። ማጠራቀሚያ ገንዳው የት ይሠራ ተባለ። ወንዶቹ መንገዱ ዳር ይላሉ። እኔ ዝም ልበል? ተነሣሁ። ውሃ በስበት ነው የሚሄድ፤ ገንዳው ከቤቱ ሁሉ በላይ ካልሆነ ላይኞቹ ጠብታ አያገኙም አልሁ። ማንቆርቆሪያ ተቀብዬ አፍስሼ አሳየሁ። አንገታቸውን አስግገው ሰሙኝ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽሽም። ሰብሳቢው አያ ዘለቀ፣ ታዲያ ከፍ ያለው የቱ ነው አሉኝ። ዞሬ በጣቴ አመለከትሁ።

የእማዬን አውድማ።

ተጨበጨበልኝ። እማዬ አላጨበጨበችም።

ኅዳር 16

ፍኖተ ሰላም፣ ሱቄ ተመለስሁ። አውድማ ጉብታ ላይ የሚሆነው ለምን እንደሆነ አጥቼው ነው? ነፋሱ እዚያ ነዋ። ጤፉ ሽቅብ ሲበተን ፍሬው ወደ ምድር፣ ገለባው ወደ ነፋስ። ያም ስበት ነበር፤ በልጅነቴ ከሥሩ ስቆም ዓይኔን በብናኝ የሚሞላው። አባቴ ከሞተ ወዲህ እማዬ አንድም ዓመት ሳታቋርጥ የወቃችበት ቦታ። ምነው ጣቴን በቆረጠው።

ኅዳር 19

አያ ዘለቀ ዘንድ ደወልሁ። ሌላ ቦታ አይፈልጉም ወይ ብዬ ለመንኋቸው። ሳቁ። አንቺው አስተምረሽን አንቺው ልታስረሺን ነው አሉ። ከወረዳ የመጣው የውሃ ባለሙያም ለክቶ ከዚያ የተሻለ የለም ብሏል። ሥራው ከውቂያው በፊት ይጀመራል።

ቀጥሎ ለእማዬ። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። አገር በኔ ምክንያት አይጠማም አለች። ታች መስኩ ላይ አዲስ አውድማ እንለቀልቅልሻለን ብዬ ላጽናናት ሞከርሁ። ነፋሱንስ ያ ያልሽው ስበት ያወርድልኛል? አለች።

እኔ መልስ ያጣሁበትን ቀን መዝግቢው።

ኅዳር 24

ቆርጫለሁ። ውቂያው ሲደርስ ሱቄን ዘግቼ እሄዳለሁ። ገለባው በነፋስ ካልሄደ በሰፌድ ይሄዳል፤ ጤፉ እስኪያልቅ እኔው አበጥራለሁ። አፌንም እይዛለሁ። ስለ ምድር፣ ስለ ውሃ፣ ስለ ምንም አላስተምርም። እሷ ካልጠየቀችኝ በቀር።

ከጠየቀችኝ ግን ከነፋሱ እጀምራለሁ።