ከሠላሳ የሚጀምረው ሜትር

ደሴ፣ ግንቦት 8 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለክቡር ጓድ ስማቸው ገብሬ
የቀበሌያችን ሊቀ መንበርና የመንገድ ግንባታና ጥበቃ ኮሚቴ ሰብሳቢ

ጉዳዩ፦ አርባ ሦስት ደረጃዎቼ በዚህ ወር መጨረሻ እንዳይፈርሱብኝ ስለመለመን

«ክቡር» የሚለው ቃል ከድሮው ሥርዓት ጋር አብሮ እንደወረደ ሰምቻለሁ፤ ቢሆንም አንዱ ቢጎድል ሌላው ይሙላ ብዬ ክቡርንም ጓድንም ጽፌአለሁ፤ ያልተስማማዎትን ይሰርዙት። እንደምን ከርመዋል? ቤተሰብዎስ? የቀበሌው ማኅተምስ ጤናው እንዴት ነው? ያ ማኅተም ከጧት እስከ ማታ ያለ ዕረፍት ሲሠራ ስለማይ፣ ለርሱም አላህ ዕድሜ ይስጠው እላለሁ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፣ አልሀምዱሊላህ።

ምናልባት ከአቤቱታ አቅራቢው ብዛት ከተምታታሁብዎ፣ እኔ ከሆጤ ዳገት ላይ የምኖረው፣ ሰኞ ገበያ ውስጥ አርባ ዓመት ልብስ የሰፋሁት ዘይኑልአቢዲን ሙሄዲን ነኝ። የእርስዎንም የመጀመሪያ የካኪ ሱሪ የሰፋሁት እኔ ነበርኩ፤ ያኔ ወገብዎ ቀጭን ነበር።

ባለፈው ወር ማብቂያ ፈርመው የላኩልኝ ወረቀት ደርሶኛል፤ ራሴ አነበብኩት። ይህን የምለው ለመኩራራት ነው። በስድሳ አራት ዓመቴ መሠረተ ትምህርት ገብቼ ፊደል ቆጥሬአለሁ፤ የምስክር ወረቀቴም ግድግዳዬ ላይ ነው። ወረቀትዎ እንደሚለው፣ ከደጃፌ ተነስቶ እስከ አስፋልቱ የሚወርደው የድንጋይ ደረጃ ወርዱ አንድ ሜትር ከሃምሳ ሆኖ ስለተገኘ፣ በመመሪያው አንቀጽ ሦስት መሠረት «የግል መንገድ» ሆኗል። ከአንድ ሜትር ከሃምሳ በታች ቢሆን ኖሮ መረማመጃ ይባልና ማንም አይነካውም ነበር። የግል መንገድ የሆነ ሁሉ ግን የእሳት አደጋ መኪና እንዲያስገባ አራት ሜትር መሆን አለበት፤ እስከ ግንቦት 30 ካላሰፋሁት ቀበሌው ያፈርሰዋል።

በቅድሚያ ምስጋናዬን ላቅርብ። መሬቱ የመንግሥት፣ ትርፉ ቤት የመንግሥት በሆነበት ዘመን፣ ለእኔ ለሽማግሌው አንድ የግል ነገር ፈልገው ስላገኙልኝ ውለታዎ አይረሳኝም። ሰው ሲሄድበት የሕዝብ፣ ሲፈርስ የእኔ የሆነ ንብረት እንዳለኝ ያወቅሁት ከእርስዎ ወረቀት ነው። ጓድ ደምመላሽ፣ የኮሚቴው ጸሐፊ፣ በሰው ፊት «የመንገድ ከበርቴ» ብሎ ሲጠራኝም አልተቀየምኩም፤ በዕድሜዬ ከበርቴ ያለኝ ሰው ስላልነበረ እንዲያውም ትከሻዬን ቀና አድርጌ ነው ቤቴ የገባሁት።

ከዚህ በታች ያሉትን ጥቃቅን ችግሮች ግን እንዲያውቁልኝ በታላቅ ትሕትና አመለክታለሁ።

1ኛ. አራት ሜትሩን በተመለከተ፤ ከደረጃው በስተግራ የጎረቤቴ የወይዘሮ አልታየች ማድቤት አለ፤ በስተቀኝ እኔ የምተኛበት ክፍል አለ። መመሪያውን ላክብር ካልኩ ማድቤቱንም መኝታዬንም ማፍረስ አለብኝ። ያን ጊዜ መንገዱ ይሰፋል፤ የሚያደርሰው ቤት ግን አይኖርም። ወደ ማንም ቤት የማያደርስ መንገድ ደግሞ በአንቀጽ ሁለት መሠረት የከተማ መንገድ ስለሆነ፣ ጥበቃው የእርስዎ ይሆናል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ነገሩን ራሱ የሚጨርስ መመሪያ ስላወጡልን እናመሰግናለን። ወይዘሮ አልታየች ጉዳዩን ሳስረዳቸው ጥቂት አሰቡና፣ «አያ ዘይኑ፣ እሳቱም ያለው እኔ ማድቤት ነው፤ መኪናው እዚያው ገብቶ ይገላግለን» አሉኝ። መኪናው አርባ ሦስት ደረጃ እንዴት እንደሚወጣ ግን እሳቸውም አላወቁም። ጎማውን ለእርስዎ እተዋለሁ።

2ኛ. የግል መንገድ ባለቤት ምልክት ማቆም አለበት ስለተባለ፣ በገዛ እጄ «የግል መንገድ» ብዬ በጣውላ ላይ ጽፌ ተከልኩ። በሕይወቴ ለአደባባይ የጻፍኩት የመጀመሪያ ጽሑፍ ነበር፤ ሁለት ቀን ሙሉ እየወረድኩ አየሁት። በሦስተኛው ቀን የቅስቀሳ ኮሚቴው መጥቶ፣ በኅብረተሰባዊት ከተማ መካከል «የግል» የሚል ቃል የሰቀልኩት ማንን ለማበረታታት እንደሆነ ጠየቀኝ። ነቀልኩት። በሳምንቱ የእርስዎ ኮሚቴ ምልክት በመንቀል ከሰሰኝ። አሁን ጣውላው በአንድ ፊቱ «የግል መንገድ»፣ በጀርባው «የሰፊው ሕዝብ መንገድ» ይላል፤ የሚመጣውን ኮሚቴ ከላይ ሆኜ እያየሁ አገላብጠዋለሁ። ሁለቱ ኮሚቴዎች አብረው የመጡ ለታ ምን እንደማደርግ መመሪያ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ።

3ኛ. ጥበቃ እንዳቆም ታዝዣለሁ። ከሟች ባለቤቴ ወዲህ በቤቴ ከእኔ በቀር ሰው ስለሌለ ራሴን አቁሜአለሁ። ጧት ወደ ሶላት ስወጣ ወዴት እንደምሄድ ራሴን እጠይቃለሁ፤ መልሱ ካጠገበኝ ራሴን አሳልፋለሁ። ማክሰኞ ዕለት ግን ተከራክሬ ቀረሁ።

4ኛውን ቅሬታ ልበለው አልበለው አላውቅም፤ ደረጃው ለምን እንደተሠራ ላስረዳ። ባለቤቴ ረሂማ ያረፈችው በነሐሴ 1970 ነው። የደሴን ነሐሴ ያውቁታል። ያኔ ከደጃፌ እስከ አስፋልቱ ያለው ጭቃና ቦይ ብቻ ነበር። የቀብር እድራችን ቅሬው ቃሬዛውን ተሸክሞ መውረድ ስላልቻለ፣ ሰዎቹ ተደርድረው ከእጅ ወደ እጅ አቀባበሏት። መሃል ላይ የቅሬያችን ሰብሳቢ ሰይድ አዳልጦት ወደቀና ቃሬዛው ጭቃው ላይ ተቀመጠ። ረሂማ በቁሟ ቀሚሷን ጭቃ ነክቶት የማያውቅ ሴት ነበረች። ከአርባዋ በኋላ ድንጋይ መፍለጥ ጀመርኩ። የቅሬው ሰው ሁሉ በየቤቱ ካለው ድንጋይ አመጣ፤ ወይዘሮ አልታየች የወፍጮ ሰባራቸውን ሰጡ፤ አሥራ ሰባተኛው ደረጃ እርሱ ነው። ወርዱን የለካነው በቃሬዛው ነው፤ ቃሬዛውና በግራ በቀኙ አንዳንድ ሰው። ከዚያ አንድ ጣት አልጨመርንም። በኅዳር አለቀ። ከዚያ ወዲህ በዚህ ዳገት ከሞቱት አምስት ሰዎች አንዱም ጭቃ አልነካውም።

ልጄ ጣይባ ኮምቦልቻ ነው የምትኖረው፤ ወረቀትዎን ስትሰማ መጣችና፣ «አብዬ፣ ኮምቦልቻ ሜዳ ነው፤ ደረጃም መመሪያም አያስፈልግህም፣ ተነስ በቃ» አለችኝ። እኔም በዚህ ደረጃ በእግሬ ሳይሆን በሰው ትከሻ አንድ ጊዜ መውረድ እንደሚቀረኝ፣ ያን ሳልወርድ ወላሂ የትም እንደማልሄድ ነገርኳት። ተቆጥታ ሄደች። የሀረጎን ቁልቁለት ስትወርድ እንዳለቀሰች የመኪናው ረዳት ነገረኝ።

አሁን ወደ ሜትሩ ልምጣ። ይህን ቁጥር አልሰጠውም፤ ችግሩ ራሱ ቁጥር ነውና።

ኮሚቴው በሚያዝያ ሊለካ ሲመጣ ጓድ ደምመላሽ ከኪሱ ያወጣው ቢጫ የልብስ ሰፊ ሜትር የኔ ነው። በ1967 ክረምት የከተማ ቦታ አዋጅ ሲወጣ ቀበሌው መለኪያ ስላልነበረው፣ ለሕዝቡ ይጠቅማል ብዬ በገዛ እጄ ከሱቄ አምጥቼ ሰጠሁ። ስሰጥም ለያኔው ጸሐፊ፣ «ይህ ሜትር ከሠላሳ ነው የሚጀምር፤ ጫፉ የለውም» ብዬ ነግሬዋለሁ። ጫፉን የቆረጠችው ረሂማ ነበረች። የመጀመሪያዎቹ ቁጥሮች በአውራ ጣቴ ተፍቀው ስለጠፉ፣ አንድ ቀን መቀሱን አንስታ ልክ ከሠላሳው ላይ ቆረጠችውና ቁራጩን የቤታችን ቁልፍ ማንጠልጠያ አደረገችው። እኔም ከዚያ በኋላ ሠላሳ እየቀነስኩ ስሰፋ ኖርኩ፤ አንድ ደንበኛ ሱሪ አጠረኝ ብሎ አልተመለሰም። ፊደል ባላውቅም መቀነስ አውቅ ነበር።

የያኔው ጸሐፊ ግን በአፍ የተነገረ ነገር አይያዝም፣ በጽሑፍ አቅርብ አለኝ። እኔ መጻፍ አልችልም ነበር። አብዮቱ አስተምሮኛልና ይኸው ስምንት ዓመት ዘግይቼ በጽሑፍ አቅርቤአለሁ።

እንግዲህ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲዘረጋ ሜትሩ አንድ ሜትር ከሃምሳ ይላል እንጂ፣ ርዝመቱ አንድ ሜትር ከሃያ ነው። ጓድ ደምመላሽ ደረጃዬ ላይ ሲዘረጋው ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ልክ ሞላ፤ ጫፉ ላይ 150 የሚለውን አይቶ ጻፈ። የደረጃዬ ወርድ አንድ ሜትር ከሃያ ነው። መንገድ አይደለም፤ መረማመጃ ነው። እዚያው ላስረዳው ብሞክር፣ የግል መንገድ ያለው ሰው በልኬት ጉዳይ ምስክር መሆን አይችልም አለኝ።

ስለዚህ የምለምንዎት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከግንቦት 30 በፊት በሙሉ ሜትር ይለካልኝ። የጎደለው ቁራጭ ከቁልፌ ጋር ታስሮ እኔ ዘንድ አለ፤ ከአሥራ ሦስት እስከ ሠላሳ ያሉት ቁጥሮች ዛሬም ይነበባሉ፤ የተቆረጠበትም ጫፍ እናንተ ዘንድ ካለው ሜትር ጋር ሲገጠም እንደ መንትያ ይገጥማል። በፖስታ እንዳልልከው ቤቴን የምከፍትበት ነው። መጥተው ሊያዩት ይችላሉ፤ ደረጃው ሳይፈርስ ከመጡ ለጫማዎም ይሻላል።

ለጤናዎ፣ ለወንበርዎና ለማኅተምዎ ዘወትር ዱዓ እያደረግሁ፣ ከዳገቱ ላይ ሆኜ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣

ዘይኑልአቢዲን ሙሄዲን
ልብስ ሰፊ፣ የመንገድ ከበርቴ፣ የመንገዱም ጥበቃ

ግልባጭ፦
ለቅሬያችን
ለወይዘሮ አልታየች (ተነቦላቸዋል)
ለቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ

ማሳሰቢያ፦ ደብዳቤውን ከጨረስኩ በኋላ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። በጥር ወር አዲሱን አጥርዎን ሲያሳጥሩ ወደ ሰኞ ገበያ ሳልፍ ቆሜ አይቻለሁ። መመሪያው አጥር ለከተማ መንገድ ስድስት ሜትር ይተው ስለሚል፣ ጓድ ደምመላሽ ያንኑ ሜትር አራት ጊዜ ዘረጋና «ስድስት ሜትር ሙሉ» ብሎ ጮኸ። አራት ጊዜ ሠላሳ መቶ ሃያ ነው። አንድ ሜትር ከሃያ የከተማ መንገድ በእርስዎ አጥር ውስጥ ተኝቷል ማለት ነው፤ ልክ የኔ ደረጃ ወርድ፣ ልክ የቃሬዛና የተሸካሚዎቹ ወርድ። ለሰይድ አስቀድሜ ተናዝዣለሁ፤ ደረጃዬ ከፈረሰ ቅሬው የእርስዎን አጥር ከፍቶ በዚያ ያሳልፈኛል። ወደ መቃብሩ መዞሪያ ነው ይላሉ፤ ግድ የለም፣ እኔ ያን ጊዜ አልቸኩልም።