ዳማ የጠጣችው ውሃ

ይድረስ ለምሳሳልሽ እህቴ ለሰሎሜ፤

እንዴት ከርመሻል? ወገብሽ ተሻለሽ ወይ? የቤይሩት ሙቀትስ ጋብ አለልሽ? ማዳምሽ እንቅልፍ ትሰጥሻለች? እኛ ደህና ነን። እማዬ ጉልበቷን ቢያማትም ቅዳሜ ገበያ ቀርታ አታውቅም፤ የሰፈሩን ወሬ ሁሉ ይዛ ትመለሳለች። ጎረቤታችን እትዬ ማሚቱ ልጇን ለበቆጂ ሯጭ ዳረች። ሙሽራው በሠርጉ ማግስት ጎህ ሲቀድ ለልምምድ ቢወጣ፣ ሙሽሪት ባሌ ጠፋ ብላ ሰፈሩን ቀሰቀሰችው።

ይህን ሁሉ የማወራሽ ዋናውን ለማዘግየት ነው። ዳማ ሞታለች። አዎ፣ በመጀመሪያ ደሞዝሽ ያስገዛሻት፣ ስትመለሺ ወተቷን ሸጬ እኖራለሁ ያልሽባት ላም። አባዬ፣ ሰው አገር ብቻዋን ሆና መርዶ አትስማ ብሎ በስልክ እንዳንነግርሽ ከልክሎን ነበር። የሰፈራችን ልጅ ሐመልማል ወደዚያ ለሥራ ስለምትመጣ ይህን ደብዳቤ በእጇ ላክሁልሽ፤ እሷ አጠገብሽ እያለች አንብቢው።

ከቤታችን በታች ያለው ኩሬ በመጋቢት ውሃው ሲጎድል አረንጓዴ ለበሰ፤ ቀለም የተደፋበት ይመስል ነበር። እትዬ ማሚቱ አይታ፣ ውሃውም አዝመራ ያዘ እንዴ፣ ማጭድ አምጡ እንጂ ብላ አሳቀችን። እኛ ስንስቅ ዳማ ትጠጣ ነበር። ማምሻውን እግሯ ተንቀጠቀጠ፤ ሲነጋ አልተነሳችም።

ከግብርና ቢሮ ኤፍራታ የምትባል ልጅ መጥታ ኩሬውን አየችው። ስንዴውን የሚያፋፋው ማዳበሪያ በጎርፍ ታጥቦ ሲገባ ያንን አረንጓዴ ነገርም ያፋፋዋል፣ መርዝ የሚሆንበትም ጊዜ አለ አለችን። ዘር ካለቀ በኋላ ባዶውን የማዳበሪያ ጆንያ ለእህል መያዣ ብለን እዚያው ኩሬ ውስጥ እናጥብ የለ፣ አንቺ ውሃ እየረጨሽኝ? የእሱም እጅ አለበት አለች ኤፍራታ። ዛሬ ብታቆሙ እንኳ ጭቃው የጠጣውን ለዓመታት ይተፋዋል፤ የተረፈው ወደ ዝዋይ ይወርዳል፤ በየአገሩ ያለው ሐይቅም እንዲሁ አረንጓዴ እየለበሰ ነው አለች። አባዬ፣ እና ስንዴውን በምን እናብቅለው ልጄ ብሎ ጠየቃት። ቀንሱ፣ ከኩሬውም ራቅ አድርጉ አለችው።

እኔ አላለቀስኩም። ሲቀብሯት ቆሜ አየሁ፣ ገብቼ ሽሮ ሠራሁ። የዘንድሮው ማዳበሪያ ገብቶ ጓዳ ተደርድሯል፤ ከአምናው ይበዛል። ጆንያውን የት እንደማጥብ አላውቅም።

ጥጃዋ አለች። ከቦኖ በጀሪካን እየቀዳሁ አጠጣታለሁ። ከፈታኋት ግን እናቷ በሄደችበት መንገድ ቀጥ ብላ ወደ ኩሬው ነው። ከሩቅ ለምለም መስክ ይመስላል።

እማዬ ግንባርሽን ትስማለች። አባዬ እግዚአብሔር ይጠብቅሽ ብሏል። እትዬ ማሚቱ፣ አንቺም ሯጭ እንዳታገቢ ብላሻለች። ለጥጃዋ ስም አላወጣንም፤ አባዬ መጀመሪያ ክረምቱን ትሻገር አለ።

እህትሽ ወይንሸት
አሰላ፣ ግንቦት 2017 ዓ.ም.