ስስ ሌንስና የደከመ ድምፅ፦ የዶክተር ማይሙና ኡበይድ የሕይወት ጉዞ (1965–2025)

ሁሉን በሚሰማው፣ ሁሉን በሚያየው በአላህ ስም እንጀምራለን።

ዶክተር ማይሙና ኡበይድ ከአባታቸው ከሐጂ ኡበይድ አብዱሰመድ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጀዋሪያ አደም በማርች ወር 1965 በድሬዳዋ ከተማ ቀፊራ ሰፈር ተወለዱ። ዘመኖቹን የጻፍናቸው እዚህ ጅቡቲ በምንቆጥርበት መንገድ ነው። ለወላጆቻቸው የመጀመሪያ ልጅ ነበሩ፤ ይህን የምጽፈው እኔ ረምዚ ደግሞ የመጨረሻው ነኝ። በጥድፊያ የተጻፈ ስለሆነ ያጎደልሁት ቢኖር ይቅር በሉኝ።

ዕድሜያቸው ሲደርስ በሰፈራቸው ቁርአን ቀርተው፣ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውንም በድሬዳዋ ጀመሩ። በጦርነቱ ምክንያት የአባታችን የጨርቅ ንግድ ሲቆም፣ ቤተሰቡ በ1978 ወደ ጅቡቲ ተሰድዶ ካርቲየ 7 ቢስ የሚባል ሰፈር ገባ። ያን ጊዜ ማይሙና የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበሩ፤ ፈረንሳይኛ ስለማያውቁ ከዘጠኝ ዓመት ሕፃናት ጋር አስቀመጧቸው። ጉልበታቸው ከዴስኩ ሥር አልገባ ብሎ በጎን ተቀምጠው ይማሩ እንደነበር ራሳቸው እየሳቁ ይነግሩን ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ አራት ክፍል አለፉ።

አባታችን እዚህ ጅቡቲ ማዕከላዊ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ይሸጡ ነበር። ሸቀጣቸውን የሚያስተዋውቁት በድምፃቸው ነው፤ ሲጣሩ ከሥጋ ተራ ይሰማል ይባል ነበር። በ1982 ድምፃቸው ጎረነነ። ሁሉም ብርድ ነው አላቸው፤ ማርና ዝንጅብል ታዘዘላቸው። ከስምንት ወር በኋላ ሐኪም ጋ ሲደርሱ የጉሮሮ ካንሰር መሆኑ ታወቀ፤ ጊዜው ግን አልፎ ነበር። በመጨረሻዎቹ ወራት ከእኛ ጋር የሚነጋገሩት በጠመኔ እየጻፉ ነበር። ለማይሙና የጻፉት የመጨረሻ ቃል «ትምህርትሽን አትተዪ» የሚል ነው። በ1984 አረፉ። እህታችን የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተናውን፣ ባካሎሪያውን፣ በቀጣዩ ዓመት በከፍተኛ ውጤት አለፉ።

በ1985 ነፃ የትምህርት ዕድል አግኝተው ወደ ፈረንሳይ ሄዱ። ብዙዎቻችን ሕክምና ይማራሉ ብለን ጠብቀን ነበር፤ እሳቸው ግን ፊዚክስን መረጡ። እናታችን በስልክ «ለምን ልጄ?» ብለው ቢጠይቋቸው፣ «እማ፣ ሐኪሞቹ ሰነፎች አልነበሩም፤ የሚያዩበት ነገር አልነበራቸውም» አሉ። በብርሃን ሳይንስ በ1994 የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ተቀበሉ፤ እዚያው እንዲቀሩ ቢለመኑም በቀጣዩ ዓመት ተመለሱ።

በ1996 ከጅቡቲ ወደ ድሬዳዋ ዕቃ ከሚያመላልሱት ከአቶ ከማሉዲን ሸሪፍ ጋር ትዳር መሥርተው ውዳድንና አኒስን አፈሩ። ሊሴ በምንለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ያስተምሩ ነበር። በ1999፣ አምሳ ተማሪ በታጨቀበት ክፍል ውስጥ ሲያስተምሩ፣ የራሳቸው ድምፅ ጠፋ። የጉሮሮ ሐኪሙ ዶክተር ሙሰዲቅ በትንሽ መስታወት ካዩዋቸው በኋላ፣ ከብዙ መጮህ የመጣ ዕባጭ ነው፤ ዕረፍት ያድነዋል አሏቸው። እህታችን አንድ ወር ሙሉ ዝም ብለው ከረሙ። አቶ ከማሉዲን ያን ወር «የትዳራችን ጸጥተኛው ወር» ይሉታል፤ ይህን ሲሉ ግን ዐይናቸው እንባ ያቀራል፤ እጅግ ፈርተው ነበርና።

ድምፃቸው ሲመለስ መጀመሪያ የተናገሩት ለዶክተር ሙሰዲቅ ነው።

«ዶክተር፣ ከላይ ያለውን ቆዳ ብቻ ነው የሚያዩት። ከሥሩ ያለውን ሙቀት ቢያዩስ?»

«የሙቀት ጨረር የሚያሳይ ካሜራ አለ» አሏቸው ሐኪሙ። «ነገር ግን ሌንሱ ወፍራም ነው። ጉሮሮ ውስጥ አይገባም።»

«እንግዲያው የሚገባ እንሥራ።»

እንዲህ እንደ ቀላል የተነገረው ነገር ከሃያ ዓመት በላይ ፈጀ። ኢንፍራሬድ የሚባለው ዐይናችን የማያየው፣ ከሞቀ ነገር ሁሉ የሚወጣ ጨረር ነው። የቆሰለ ወይም ያበጠ ሥጋ ከጎረቤቱ ይበልጥ ይሞቃል። ማይሙና በየክረምቱ ወደ ቀድሞ የፈረንሳይ ባልደረቦቻቸው እየተመላለሱ፣ ከፀጉር የቀጠነ ጠፍጣፋ ሌንስ ሠሩ። በላዩ ላይ በዐይን የማይታዩ እጅግ ብዙ ምሰሶዎች ቆመዋል፤ እያንዳንዱ ምሰሶ የሚያልፈውን ጨረር በመጠኑ ያዘገየዋል፤ በዚህም ጨረሩ ሁሉ ወደ አንድ ነጥብ ይሰበሰባል። በቀጭን ቱቦ ጫፍ ላይ ሲገጠም ያለ ብዙ ሕመም ጉሮሮ ውስጥ ይገባል።

በ2015 ከመቶ አርባ ፈቃደኞች ጋር ሙከራ አደረጉ። ውጤቱ አስደናቂ ነበር፤ በሳይንስ መጽሔት ወጣ፤ ከውጭም ድጋፍ ተገኘ። ቤታችን ደስታ ሆነ። ከአራት ወር በኋላ ግን እህታችን ምስሎቹን እንደገና ሲያገላብጡ፣ ጠዋት የመጡት ሰዎች ጉሮሮ ቀዝቃዛ፣ ከሰዓት የመጡት ደግሞ የሞቀ ሆኖ አገኙት። ምክንያቱን ለማወቅ ጊዜ አልወሰደባቸውም። ከሰዓት በኋላ ወረፋ የሚጠብቁ ሰዎች እንዳይሰለቹ ብለው በፔርሙስ ትኩስ ሻሂ ያቀርቡላቸው የነበሩት ራሳቸው ናቸው። ካሜራው በሽታውን ብቻ ሳይሆን ሻሂውንም ይለካ ነበር።

ጥናቱን ከመጽሔቱ ለማስወጣት ደብዳቤ ጻፉ። አንድ ባልደረባቸው በስልክ «ማንም እኮ አያውቅም» ብለው ሊያግባቧቸው ሞከሩ።

«ሻሂውን የቀዳሁት እኔ፤ እንዴት ማንም አያውቅም ይላሉ?» አሏቸው።

ድጋፉ ተቋረጠ። በከተማው የሳቀባቸው ሰው ነበር። እኔም በበኩሌ፣ ይቅር ይበሉኝና፣ «ይበቃል፣ ዕረፊ» ብዬአቸዋለሁ። አቶ ከማሉዲን ግን የመጋዘናቸውን የኋላ ክፍል አጽድተው፣ አየር ማቀዝቀዣ አስገብተው፣ ቁልፉን ሰጧቸው።

እንደገና የጀመሩት ከዚያ ክፍል ነው። ከምርመራው በፊት አንድ ሰዓት ምንም ትኩስ ነገር እንዳይጠጣ፣ የክፍሉ ሙቀት እኩል እንዲሆን አደረጉ። በኮቪድ ዓመት የሰው አፍ አስከፍቶ ማየት ሲከለከል ሥራው ቆመ፤ እሳቸው ግን አልቆሙም። በርቀት ቆመው ለመምህራን፣ ለሙአዚኖች፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ፔካ 12 ላይ ጭነት መኪና ለሚጠሩ ደላሎች የድምፅ አያያዝ አስተማሩ። የተጎዳ ድምፅ ያለው ሰው መንሾካሾክ ዕረፍት እንዳይመስለው፣ ሦስት ሳምንት ያለፈው መጎርነንም ብርድ ተብሎ እንዳይተው ይመክሩ ነበር። በሶማሊኛ፣ በአፋርኛ፣ በዐረብኛ ይሉት ነበር፤ የሚቆጡት ግን በአማርኛ ነበር።

በ2022 ወይዘሮ ወርቄ የሚባሉ፣ ማዕከላዊ ገበያ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚሸጡ እናት ድምፃቸው ለሁለት ወር ጎርንኖባቸው መጡ። በምስሉ ላይ የጉሮሯቸው አንድ ወገን ብቻ ሞቆ ታየ። ዶክተር ሙሰዲቅ ናሙና ወስደው ሲያስመረምሩ ገና የጀመረ ካንሰር ሆኖ ተገኘ። ወይዘሮ ወርቄ ይህን ሲሰሙ ደንግጠው ቀሩ፤ ስልክም አላነሳ አሉ። እህታችን ገበያ ወርደው ከሽንኩርት ጆንያው አጠገብ ተቀመጡ። በማግስቱም መጡ። በሦስተኛው ቀን ወይዘሮ ወርቄ ትዕግሥታቸው አለቀ።

«እርስዎ ዶክተር ነዎት ወይስ ሽንኩርት ገዢ?»

«ሆስፒታል እስክትሄጂ ድረስ ሽንኩርት ገዢ ነኝ።»

«ድምፄን ቢወስዱትስ? ምን ብዬ ልሸጥ?»

«ዛሬ ከሄድሽ ላይወስዱት ይችላሉ። የአባቴን የወሰደው መዘግየቱ ነው።»

ወይዘሮ ወርቄ ዕቃቸውን ለጎረቤት አደራ ብለው አብረዋቸው ሄዱ። ታከሙ፤ ዳኑ። ድምፃቸው ጥቂት ቢሻክርም ሙሉ ነው፤ ዛሬ ከሴቶቹ መካከል ተቀምጠው አብረውን ያለቅሳሉ። እኛም ያን ሰሞን በየምግቡ ሽንኩርት በላን።

በ2023 የወጣው ጥናታቸው ከመጀመሪያው ያነሰ ነገር የሚናገር፣ ግን እውነት የሆነ ነው፦ መሣሪያው ሐኪምን አይተካም፤ ማን ቀድሞ መታየት እንዳለበት ግን ያመለክታል። የሌንሱን ንድፍ ለማንም ክፍት አደረጉት።

ማይሙና ሩዝ ማሳረር የማይቀርላቸው፣ ቁልፍ የትም የሚረሱ፣ ሰውን ግን የማይረሱ ነበሩ። መንዙማ ይወዱ ነበር፤ ሲያንጎራጉሩት ግን ዜማው መንገድ ይስታል። ልጆቻቸው ሲስቁባቸው «ጤነኛ ድምፅ ሁሉ ቆንጆ ነው ያለው ማነው?» ይሏቸው ነበር።

ከሁለት ዓመት ወዲህ ኩላሊታቸው ደክሞ በሳምንት ሦስት ጊዜ የኩላሊት እጥበት ያደርጉ ነበር። ቤተሰቡና ሐኪሞቹ የቻሉትን ሁሉ አደረጉ። ሆኖም የአላህ ቀጠሮ ደርሶ፣ ትናንት ሐሙስ ፌብሩዋሪ 6 ቀን 2025፣ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ በተወለዱ በሃምሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ እናታቸውን ወይዘሮ ጀዋሪያን፣ እህት ወንድሞቻቸውንና ያስተማሯቸውን እጅግ ብዙ ተማሪዎች ትተው ሄደዋል። ከጁምዓ ሶላት በኋላ ፔካ 12 በሚገኘው መቃብር እንሸኛቸዋለን።

ከሁለት ሳምንት በፊት ለልጃቸው ለውዳድ እንዲህ ብለው ተናዝዘዋል፦ «አልቅሱ፤ እንባ ጉሮሮ አይጎዳም። ጩኸት ግን አልፈልግም። ታሪኬን የሚያነበው ረምዚ ነው፤ ገና ሁለት መስመር ሳይሄድ ይሰበራል። ከመጀመሩ በፊት ውሃ አጠጡት።»

ውዳድ አጠጥታኛለች፣ እህቴ። እስከዚህ ያደረሰኝ ውሃው ነው።

ጌታዬ ሆይ፣ ለሰው ድምፅ የደከሙትን ባሪያህን ማይሙናን በራሕመትህ ተቀበላቸው፤ ቀብራቸውን አስፋ፣ አብራላቸውም፤ ለእኛም የምንችለውን ጽናት ስጠን። አሚን።