የጠረግሁት ቅጠል

ይድረስ ለማከብርዎ አባቴ፣

ታናሽ እህቴ ይህን ስታነብልዎ ከግንቡ ጥግ፣ ፀሐይ እየሞቁ እንደተቀመጡ ይታየኛል። ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? ዓይንዎ ካለፈው ደብዳቤ ወዲህ ቀነሰ ወይስ ባለበት ነው? እኔ ከናፍቆት በቀር የሚያመኝ የለም።

እንደነገርኩዎ፣ የምሠራው ድሮ ብረት ይቀልጥበት በነበረ ሜዳ ላይ ነው። አፈሩ እርሳስና ዚንክ ጠጥቷል። ግማሹ ላይ ሣር፣ ግማሹ ላይ ዛፍ ተተክሏል። የአፈር ባለሙያዋ እንዳስረዳችኝ፣ ሣሩ ብረቱን ከሥሩ አንቆ ይይዘዋል፤ ዛፉ ግን ከታች ስቦ ወደ ቅጠሉ ያወጣውና፣ ቅጠሉ ሲረግፍ መልሶ መሬቱ ላይ ይጥለዋል። ያው ቅጠል ሲበሰብስ ደግሞ አፈሩን ያዳብራል። የቱ እንደሚያመዝን ለማወቅ ነው ዓመቱን ሙሉ የሚለካው።

እኔ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ባለሙያዋ ለአሥር ቀን ሌላ ቦታ ስትሄድ፣ የዛፉን ሥር ሁሉ ጠርጌ፣ ቅጠሉን አንድ ላይ ከምሬ፣ ትመሰግነኛለች ብዬ ጠበቅኋት። ከዛፍ ሥር ቅጠል ካደረ ቁርስ ይከለክሉን አልነበር? ስታየው ራሷን ይዛ መሬት ላይ ተቀመጠች። የየትኛው ዛፍ ቅጠል የት እንደወደቀ ከእንግዲህ ማን ይለየዋል፤ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ልኩል ብሎ ዓይን አጠፋ የሚባለው እኔ ነኝ። ይቅር ይበሉኝ አባቴ፣ ተረቱ አምልጦኝ ነው።

ኃላፊው፣ ልኬቱ እንደ አዲስ ይጀመራል፣ ሳያልቅም ማንም እረፍት አይወጣም አለ። ውሌም እንደዚያው ይላል። ፓስፖርቴ እሱ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበታል። ጫማዬ እንኳ አፈሩን ይዞ እንዳይወጣ ከአጥሩ በር አያልፍም። ጠዋት ጠዋት ማዶ የሚያልፈውን አውቶቡስ ቆሜ አያለሁ። ታፍኛለሁ አባቴ። ሐኪሙ ዓይንዎ ከዓመት አይዘልም ሲል፣ በዚህ ወር መጥቼ ፊቴን እንዲያዩ ቃል ገብቼልዎ ነበር። አልመጣም። ቅጠሉ እንደገና እስኪረግፍ ዓመት ነው።

ለእናቴ እጅ ነስቻለሁ በሉልኝ። ለአክስቴ ጆሮዋ እንደነገሩ ነውና ጮክ ብላችሁ ሰላም በሉልኝ። አንቺም እህቴ፣ አንድም መስመር ካልዘለልሽ ተባረኪ።

ለእርስዎ ፎቶግራፌን ልኬያለሁ። ዓይንዎ ሳለ በየቀኑ ይዩት። ጢም አሳድጌያለሁ፤ ስመጣ በእጅዎ ሲዳስሱኝ ሌላ ሰው እንዳይመስልዎ።

ልጅዎ፣
ከአጥሩ ውስጥ፣ ኅዳር 14 ቀን