የእናትሽ ቅመም ሊያልቅ ነው

ልጄ፣ የሄድሽበት ይቅናሽ፤ የሰው አገር ብርድ አይንካሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ እንደ ልማዱ ያስነክሰኛል።

ሐኪሙ «ስምንት ኪሎ ካልቀነሱ ጉልበትዎን ኦፕራሲዮን አላደርግም» ብሎ ጨውና ዘይት ከለከለኝ። የምስር ቅቅሉ አፈር አፈር አለኝ። ነርሷ «አባባ፣ ቅመም እኮ አልተከለከለም፤ ነስነስ ያድርጉበት» ብትለኝ፣ እናትሽ ከሞተች ወዲህ ያልነካሁትን የቅመም ቆርቆሮዋን ከፈትኩ። ምስሩ ጣፈጠኝና ሁለት ሰሃን በላሁ። በማግስቱም እንደዚያው። ሚዛን ላይ ብወጣ ጭራሽ ጨምሬያለሁ። ነርሷ «ይነስንሱ አልኩ እንጂ ይደርቡ አልኩ?» ብላ ሳቀችብኝ።

አሁን አንድ ሰሃን ብቻ ነው የምበላው፤ ሁለት ኪሎ ወርዷል። ግን ቅመሙ እየጎደለ ነው። ቆርቆሮውን እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ፣ ቁጭ እላለሁ፣ ተመልሼ አየዋለሁ። ያለሱ እህል አይወርድልኝም፤ ከነሰነስኩም ያልቃል። አርባ ዓመት ስበላ ምን እንደምትጨምርበት አንድ ቀን አልጠየቅኳትም፤ ወንድን ከድስት ምን አገናኘው ብዬ። አንቺ ግን አጠገቧ ሆነሽ ትወቅጪ ነበር።

እባክሽ ምን ምን እንደነበረበት ጻፊልኝ። ፊደሉን ጎላ አድርጊው፤ ጎረቤት ሳላስነብብ ራሴ አንብቤ ልውቀጠው። ያ እጅሽ አይዛልብኝ።

አባትሽ