አሮጌው ቦርድ ያላወቀው ዲስክ

ቆሰበር፣ ማክሰኞ፣ ኅዳር 10 ቀን 2006 ዓ.ም.

የመብራት መዋዠቅ የስቱዲዮዬን ማዘርቦርድ ስላቃጠለው፣ ዛሬ ከዳንግላ ያስመጣሁትን አሮጌ ቦርድ ገጠምኩ። ኮምፒውተሩ ግን አልነሳም። ኮምፒውተሩ የሚሠራበት ሊኑክስም የሠርግ ቪዲዮዎቹም ያሉት ባለ ሦስት ቴራባይት ዲስክ ላይ ነው፤ የአሮጌው ቦርድ ማስነሻ ፕሮግራም ደግሞ ከሁለት ቴራ በላይ አያውቅም። የዚህ አገር ሰው የሠርጉን ቪዲዮ አንዴ አይቶ እኔው ዘንድ ይተወዋል። ሌላ ቅጂ የለም።

ሠርጓን የቀረጽኩላት እታለም ጠዋት መጥታ ነበር። እሑድ የአባቷ አርባ ነው።

«ጋሼ፣ አባቴ ሲመርቀኝ የተቀረጸው እርስዎ ጋ ብቻ ነው ያለው» አለችኝ።

«ቅዳሜ ነይ» አልኳት።

ኮምፒውተር ጠጋኙ ደሴ ዲስኩን አይቶ፣ «እንደ እርሻ መሬት እንሸንሽነውና ቦርዱ የሚችለውን ያህል ይያዝ» አለ።

«መሬት ሲሸነሸን ሰብሉ አይጠፋም። ይሄ ሲሸነሸን ግን ያለበት ሁሉ ይጠፋል!» አልኩት።

«አይቆጡ ጋሼ! ዲስኩም የእርስዎ፣ የሙሽሮቹ እርግማንም የእርስዎ» ብሎ ሳቀ።

በመጨረሻ ሊኑክስን ከፍላሽ አስነሳነው። ከተነሳ በኋላ ቦርዱን ሳይጠይቅ ዲስኩን ራሱ ስለሚያነብ ሦስቱም ቴራ ታየ። የእታለምን ሠርግ ከፈትኩ። ጭፈራው ደህና ነው። አባቷ ሊመርቁ ሲነሡ ግን ምስሉ አረንጓዴ ሆኖ ቆመ። ለካ መብራቱ የነካው ቦርዱን ብቻ አልነበረም። ደሴ ሳቁን ተወ። የአባቷ ድምፅ ብቻ «ውለጂ፣ ክበጂ» እያለ እስከ አሜን ድረስ ሄደ።

ለእታለም ይህም ይበቃት ይሆናል። የሌሎቹን ሙሽሮች ቪዲዮ ግን እስካሁን አልከፈትኩም።