ወፍ ወዳዷ መምህርት አልታየች አለምነው (1943–2009 ዓ.ም.)

መምህርት አልታየች ከአባታቸው ከአቶ አለምነው ይመርና ከእናታቸው ከወይዘሮ በዛች አሊ፣ ከመካነ ሰላም ወደ ዓባይ ቆላ በሚያወርደው መንገድ፣ ልዩ ስሙ ዋርካ አፋፍ በተባለ ቦታ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1943 ዓ.ም. ተወለዱ።

በዚያ አገር ማሽላው እሸት ሲይዝ ልጆች ማማ ላይ ወጥተው ወፍ ይጠብቃሉ። የእናታችን ተራ በሆነ ቀን ግን ወፉ ጠግቦ ይሄድ ነበር። ወንጭፉን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው፣ የትኛው ወፍ ቀድሞ እንደሚያርፍ፣ የትኛው ሌላውን እንደሚያባርር ሲያዩ ይውሉ ነበርና። አቶ አለምነው ሦስት መከር ታግሠው፣ ይህቺ ልጅ ለማሳ አትሆንም በማለት በ1951 ዓ.ም. መካነ ሰላም አክስታቸው ዘንድ አምጥተው ትምህርት ቤት አስገቧቸው። ዘመድ ይህን እያነሣ እስከ ዛሬ ይስቃል።

አንደኛ ደረጃን በመካነ ሰላም፣ ሁለተኛ ደረጃን በደሴ ተምረው በመምህርነት ከሠለጠኑ በኋላ በ1964 ዓ.ም. አቀስታ ተመደቡ። አንድ ቀን በድንጋይ ክንፉ የተሰበረ ቁራ በነጠላቸው ጠቅልለው እንስሳት ወደሚታከሙበት ቤት ይዘው ሄዱ። የእንስሳት ጤና ረዳት የነበሩት አቶ ደሳለው መኮንን በሬ እንጂ ቁራ አክመው እንደማያውቁ ቢነግሯቸውም፣ ካልታከመ አልሄድም ብለው ደጃፉ ላይ ተቀመጡ። ቁራው ዳነ። ሁለቱም በ1968 ዓ.ም. ተጋብተው መሰረትን፣ እንቁንና ራሄልን አፈሩ።

በ1973 ዓ.ም. ወደ መካነ ሰላም ተዛወሩ። በመንግሥት ለውጡ ሰሞን ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ፣ የመማሪያ መጻሕፍቱን ከባለቤታቸው ጋር በአህያ አስጭነው ቤታቸው ካስቀመጡ በኋላ፣ ትምህርት ሲከፈት አንድም ሳይጎድል መለሱ። ከዚያም በክረምት እየተማሩ ዲፕሎማቸውን አግኝተው በሁለተኛ ደረጃ ባዮሎጂ ማስተማር ጀመሩ።

በ1988 ዓ.ም. ተማሪዎችን ለማማከር ደሴ ላይ በተሰጠ ሥልጠና የሰው ጠባይ በአራት እንደሚከፈል ሰሙ። ይህ በጣም ደስ አሰኛቸው። ሲመለሱ አንድ ጥቁር ደብተር ገዝተው ተማሪዎቻቸውን በሚያውቋቸው ወፎች ስም መደቧቸው። ደፋሩና ተከራካሪው ቁራ፣ ተጫዋቹና ካልተሰበሰበ የማይሆንለት ድንቢጥ፣ ብቻውን አልሞ የሚነሣው ጭልፊት፣ ዝምተኛውና ከጎጆው የማይርቀው ዋኔ ተባለ። ብዙ ጊዜም ተሳክቶላቸዋል። በረባሽነቱ ሊባረር የነበረ አንድ ልጅ፣ ቁራ ነውና ኃላፊነት ስጡት ብለው የክፍል አለቃ አስደርገውት ዛሬ ጠበቃ ሆኗል። ልጃቸውን ለመዳር ያሰቡ ወላጆች ሳይቀሩ ከወረኢሉ ድረስ እየመጡ ያማክሯቸው ነበር።

ቀጥሎ ያለውን እንድንጽፈው ያዘዙን ራሳቸው ናቸው፤ ጥሩ ጥሩውን ብቻ እንዳናነብ አስጠንቅቀውናል።

በ1994 ዓ.ም. ፈርሂያ ሙሐሲን የምትባል ተማሪያቸው አሥረኛ ክፍልን ጨርሳ ደሴ ነርስነት ለመማር ዕድል አገኘች። አባቷ ጨርቅ ነጋዴው አቶ ሙሐሲን፣ ልጅቷን ብቻዋን ልላካት ወይ ብለው መምህርት አልታየችን ጠየቁ። እሳቸውም ደብተሩን ገልጠው፣ ዋኔ ናት፣ ከቤት ርቃ አትችልም፣ ትሰበራለች አሏቸው። ፈርሂያ ቀረች። በዓመቱ ተዳረች፤ ትዳሩ ግን ሁለት ዓመት እንኳን አልሞላም። በ1997 ዓ.ም. ጅዳ ሄዳ ሰው ቤት ተቀጠረች።

ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በሚያዝያ 2003 ዓ.ም.፣ አገሯ ገብታ ዘመድ ስትጠይቅ ሰንብታ ወደ መምህርቷ ቤት መጣች። ሰላምታ ተለዋውጠው ከተቀመጡ በኋላ ድምፅዋን ሳታነሣ እንዲህ አለቻቸው፦

«እትዬ፣ ስድስት ዓመት ብቻዬን ኖሬ መጥቻለሁ፤ አልሐምዱሊላህ፣ አልተሰበርኩም። ያኔ ክፍል ውስጥ ዝም የምለው እናቴ ታማ ተኝታ ስለነበር ነው። አንድ ቀን እንኳን ምን ሆነሽ ብለው አልጠየቁኝም።»

መምህርት አልታየች ያን ሳምንት ምግብ እንኳን በወጉ አልበሉም። በሳምንቱ ቅዳሜ አቶ ሙሐሲን ሱቅ ሄደው፣ ሳላውቃት ስለ እሷ ፈርጄ ልጅዎን በደልኩ፣ ይቅር ይበሉኝ አሉ። አቶ ሙሐሲንም ወንበር ስበው ካስቀመጧቸው በኋላ፣ «የራሴን ልጅ ትቼ እርስዎን የጠየቅሁት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱን ለሁለት እንካፈለው» አሏቸው።

በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ በጡረታ ሲሰናበቱ ባልደረቦቻቸው ጋቢ አልብሰው ንግግር እንዲያደርጉ ጋበዟቸው። እሳቸው ግን በፈርሂያ ፈቃድ ስለ እሷ የጻፉትን ገጽ ከደብተሩ አነበቡና፣ «ይህ ስሕተት ነው። ሌሎቹም ገጾች ስንቱን እንዳስቀሩ አላውቅም» ብለው ተቀመጡ። በደስታ ቀን እንዲህ ያለ ነገር መነሣት አልነበረበትም ብለው ቅር የተሰኙ ነበሩ። በማግሥቱ የፈርሂያን የጠፋ የትምህርት ማስረጃ ፍለጋ ቢሮ ለቢሮ መመላለስ ጀመሩ። ክረምቱን ሙሉ ሚኒባስ እየተሳፈሩ ደሴ ደርሰው ሲመለሱ ከርመው፣ መስከረም ላይ አብረው ሄደው ለነርስነት ትምህርቱ አስመዘገቧት። ፈርሂያ በ2007 ዓ.ም. ተመርቃ ዛሬ ደጎሎ በነርስነት ታገለግላለች።

ደብተሩን አላቃጠሉትም። ባዶ የቀሩትን ገጾች ለእውነተኞቹ ወፎች አዋሏቸው። በየማለዳው በቤተ ክርስቲያኑ ደን ተቀምጠው የትኛው ወፍ በየትኛው ወር እንደሚመጣ፣ የት ጎጆ እንደሚሠራ ይጽፉ ነበር። አንድ የቀድሞ ተማሪያቸው መንገድ ላይ አግኝቷቸው፣ እኔስ የትኛው ወፍ ነበርኩ ብሎ ቢጠይቃቸው፣ «ና ተቀመጥ፣ ስለ ራስህ ንገረኝ» አሉት። እኩለ ቀን እስኪሆን ሲያዳምጡት ቆዩ።

በ2008 ዓ.ም. የኩላሊት ሕመም ጠናባቸው። ደሴ ድረስ እየሄዱ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ በመጨረሻ ቤቴ ልሁን ብለው ተመለሱ። ልጃቸው ራሄል ብርዱን ፈርታ መስኮቱን ስትዘጋባቸው፣ ክፈችው፣ ብርዱን በሽታው ቀድሞታል ይሏት ነበር። ጥር 19 ቀን 2009 ዓ.ም. ዓርብ ጠዋት፣ በተወለዱ በ66 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

መምህርት አልታየች የአርባ አንድ ዓመት ባለቤታቸውን አቶ ደሳለውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውንና እህታቸውን ወይዘሮ የሻለምን ትተው አልፈዋል። አቶ ደሳለው ይህ ጽሑፍ ሲነበብላቸው እንዲታረም የጠየቁት ነገር የለም። አንድ ነገር ብቻ አስጨምረዋል፦ «ሁልጊዜም ጠዋት ቀድማኝ የምትነሣው እሷ ነበረች። አሁንም ቀደመችኝ።»

ድካማቸውንና ንስሐቸውን ያየ አምላክ የእናታችንን ነፍስ በደጋጎቹ ማረፊያ ይቀበልልን። ለአባታችንም ዕድሜና ብርታት ይስጥልን። ከቅርብም ከሩቅም፣ ከቤተ ክርስቲያንም ከመስጊድም መጥታችሁ ያጽናናችሁን ሁሉ ብድራችሁን እሱ ይክፈልልን። አሜን።

ልጃቸው ራሄል ደሳለው፣ በቤተሰቡ ስም